ከተከሳሹ አፍ የወጣ ቃል

ሞጣ ላይ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ከተደረደሩት የጽሕፈት ቤቶች አንዱ የእኔ ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ለባለጉዳይ የምትሆን አንዲት አግዳሚ ወንበር አለችኝ። ሰው ይመጣል፣ ተቀምጦ ብሶቱን ያወራኛል፣ እኔ ደግሞ ብሶቱን በክስ ቋንቋ እጽፍለታለሁ። «ያ ሌባ ድንበሬን ገፋብኝ» ያለኝን «ተከሳሽ በይዞታዬ ላይ ሁከት ፈጥሮብኛል» አደርገዋለሁ፤ ባለጉዳዩ ሲነበብለት የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለዋል። ይህን ሥራ ከያዝሁ ቆይቻለሁ። ከመቆየቴ የተነሣ ሕግ የማውቅ ይመስለኝ ጀመር። ጠበቆች ሲስቁብኝም ገበያቸውን ስለምሻማቸው ነው እል ነበር።

እናቴ የምትኖረው ቢቸና ነው። ቤታችን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው ያለው፤ ከፊቱ የጎረቤታችን ግቢ አለ፣ ከኋላው ወደ ጅረቱ የሚወርድ ገደል። ከቤት ወደ መንገድ የሚወጣው በጎረቤታችን ግቢ ዳር፣ የጽዱን ዛፍ ተጠግታ በምታልፍ ቀጭን መንገድ ነው። እናቴ ሙሽራ ሆና የገባችው በዚያች ነው። አባቴም የወጣው በዚያች ነው፤ ሬሳው። ስለ መንገዲቱ ማንም አስቦ አያውቅም፤ ስለሚተነፍሱት አየር ማን ያስባል?

የጎረቤታችን ሽማግሌ ሞቱና ግቢው ለልጃቸው ሆነ። ልጁን እናቴ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ነው ማለት ይቻላል፤ እናቱ ገበያ ስትውል እኛ ቤት ነበር የሚውለው። አሁን ጢሙን ያሳደገ የእህል ነጋዴ ሆኗል። ቢቸና እህል የሚነግድ ሰው መጋዘን ያምረዋል፣ መጋዘን ያማረው ሰው ደግሞ መኪና በሩ ድረስ እንዲገባለት ይፈልጋል። ክረምት ሲገባ ግቢውን ዙሪያውን በቆርቆሮ አጠረው። እናቴ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ መንገዴን ዘጋው» አለችኝ፤ ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ሽማግሌ ተላከበት። የይዞታ ካርታውን አወጣና «መንገድ ካለ አሳዩኝ» አላቸው። የለም። በእናቴም ካርታ ላይ የለም። ካርታውን የለኩት ሰዎች ሁለቱን ግቢ እንጂ በመሐል የሚሄደውን ሰው አላዩም። ሽማግሌዎቹ እያፈሩ ተመለሱ።

እናቴ ታዲያ በገደሉ በኩል መውጣት ጀመረች። ጉልበቷ ታማሚ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጭቃው ያንሸራትታታል፤ አንድ ቀን ከቅዳሴ ስትመለስ ሁለት ሴቶች በነጠላ ጎትተው ነው ያወጧት። ይህን ከሰው ነው የሰማሁት፤ እሷ ለእኔ አትነግረኝም። ብትነግረኝ ሞጣ ነይ ማለቴ ስለማይቀር ነው። ብዙ ጊዜ ብያታለሁ፤ መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ከቤቴ የምወጣው በቃሬዛ ነው። የሰው አጥር አያስወጣኝም።»

ስለዚህ ክስ መሠረትሁ። ጠበቃ ምን ያደርጋል ብዬ የእናቴን ውክልና ይዤ ራሴ ገባሁበት። ክሱንም ራሴ ጻፍሁት፣ አሳምሬ። መንገዱ የሁለቱም ቤት የጋራ መውጫ ነው፤ ከሳሽ በመብቷ ስትጠቀምበት ኖራለች፤ ተከሳሽ አጥሩን ያንሣልኝ። ከዚያ ወደ ማስረጃው ስመጣ እጄ ቆመ። ጽሑፍ የለም። ያለው ሰው የተናገረው ብቻ ነው።

መጀመሪያ የጻፍሁት «ከሳሽ መንገዱ የእርሷ እንደሆነ ለረጅም ዘመን ስትናገር ኖራለች» የሚል ነበር። ሻይ ሊጠጣ ጎራ የሚል አንድ ጠበቃ አለ፤ ከትከሻዬ በላይ አንብቦ ሳቀ።

«እናትሽ ለራሷ የተናገረችው ለራሷ አይመሰክርላትም» አለኝ። «እንደዚያ ቢሆን ሁላችንም ስናወራ ውለን ማታ ባለርስት እንሆን ነበር። የሚጠቅምሽ እሱ የተናገረው ነው። ሰው የሚጎዳውን ነገር በገዛ አፉ በዋዛ አይናገርም፤ ከተናገረ ግን ይያዝበታል። የእሱን ቃል ፈልጊ።»

ሳቁ አናደደኝ፤ ግን ልክ ነበር። ያን መስመር አጠፋሁት።

የእሱን ቃል ፍለጋ ቢቸና ስመላለስ ከረምሁ። ከሞጣ በደብረ ወርቅ በኩል ነው የሚኬደው፤ መንገዱ አንድ ሳምንት ክፍት ነው፣ አንድ ሳምንት ዝግ ነው። ለቀጠሮ ስነሣ መኪና የለም ይባላል፤ መኪና አግኝቼ ስደርስ ችሎት የለም ይባላል። ችሎት ሲኖር የተከሳሽ ጠበቃ ታሟል። ቀጠሮ በተቀየረ ቁጥር እናቴ ያን ገደል አንድ ክረምት ይሁን ሁለት ክረምት ትውጣው አላውቅም፤ ዳኛዋ ግን በእርጋታ ቀኑን ትነግረኛለች፣ እኔም በእርጋታ ተቀብዬ እወጣለሁ። እርጋታው ከችሎት በር አያልፍም። አንዴ የባጃጅ ሹፌር ምንም ሳያደርገኝ ተቆጥቼው «እኅቴ፣ እኔ ምን አደረግሁ?» ብሎኛል።

ከቢቸና ሁለት ምስክር አገኘሁ። አንዷ የእናቴ ወዳጅ ናት፤ ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ የተከሳሹ ሚስት አጠገቧ ቆማ «ባለቤቴ ነገር ፈልጎ ነው እንጂ መንገዱ የእማማም መሆኑ ጠፍቶት አይደለም» ብላታለች፤ እማማ የሚሏት እናቴን ነው። ይህን ስሰማ ተነሥቼ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። ሁለተኛው የእናቴ ማኅበርተኛ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከልጁ ከራሱ አፍ ሰምተዋል። በአባቱ ተዝካር ዳሱ ሲተከል ልጆቹ ምሰሶውን መንገዲቱ ላይ ሊያቆሙት ሲሉ «ከዚህ ላይ አንሡት፤ ይህ መንገድ የእኛ ብቻ አይደለም፣ የእማማም ነው» ሲል በጆሮአቸው ሰምተዋል። ሁለቱንም የምስክሮች ዝርዝር ውስጥ አስገባኋቸው፤ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

የምስክር መስማት ቀን ደረሰ። የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ቀድማ ቀረበች፤ ማለች፣ የሰማችውን ጀመረች። «ሚስቱ እንዲህ አለችኝ» ከማለቷ የተከሳሹ ጠበቃ ተነሣ። «የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ይህ የስሚ ስሚ ነው» አለ።

«የምን የስሚ ስሚ?» አልሁ፤ ሳይፈቀድልኝ። «ሚስቱ እኮ ናት። በተክሊል የተጋቡ ናቸው፤ አንድ ሥጋ ናቸው።»

ዳኛዋ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። «በቤተ ክርስቲያን አንድ ናቸው» አለችኝ። «በዚህ መዝገብ ላይ ግን እሷ አልተከሰሰችም። የተከራካሪ ቃል በተከራካሪው ላይ የሚቀርበው ራሱ ከተናገረው፣ ወይም እንዲናገርለት የላከው ሰው ከተናገረው ነው። ባለቤቱ ወፍጮ ቤት እንድትናገርለት ልኳታል?»

አልላካትም። ማን ሚስቱን ወፍጮ ቤት ልኮ በራሱ ላይ ያናግራል? «እንግዲያው እሷን ራሷን ለምን በምስክርነት አልቆጠርሻትም?» አለችኝ ዳኛዋ። ባሏ ላይ ልትመሰክር? ነገ ከማን ቤት ልትገባ? ይህን አልተናገርሁትም፤ ተቀመጥሁ። ሴትዮዋም የተረዳችው ነገር ስለሌለ ስትወጣ «ዋሸሽ አሉኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወፍጮ ቤት የተባለውን ቢቸና ሙሉ ያውቀዋል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን እንዳልተባለ ሆነ።

ሽማግሌው ቀረቡ። ስለ ተዝካሩ ሲጠየቁ ከጠላው ጀመሩ፤ ጠላው እንዴት እንደቀጠነ፣ ሟቹ በሕይወት ቢኖሩ እንዲያ ያለ ጠላ እንደማያቀርቡ። ዳኛዋ ወደ ነገሩ መለሰቻቸው። የሰሙትን አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ዳሱን፣ ምሰሶውን፣ «የእማማም ነው» የሚለውን። ጠበቃው እንደገና ተነሣ፤ እንደገና የስሚ ስሚ አለ።

አሁንም አለቀልን ብዬ ነበር። ዳኛዋ ግን «አይደለም» አለች። «የስሚ ስሚ የምንለው ተናገረ የተባለው ሰው እዚህ ቀርቦ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው። እዚህ ግን ተናገረ የተባለው ደንበኛህ ነው፤ አጠገብህ ተቀምጧል። አላልሁም ካለ ይናገር፤ ብያለሁ ግን እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው ካለም ያስረዳ። ምስክሩ ከራሱ አፍ ነው የሰሙት። ተቀብለነዋል።»

ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ወደ ልጁ ዞሬ አየሁት፤ ጢሙን እየደባበሰ መሬት መሬት ያያል። ተነሥቶ እንዲናገር ሲፈቀድለት አልካደም። «ብያለሁ» አለ። «ያልሁት ግን ለክብራቸው ነው። አገር በተሰበሰበበት አሮጊት መንገድ አጣች እንዳይባል። ያን ቀን አባቴን አስቤ ለማንም ክፉ ቃል አልወጣኝም።»

«ሰው ለክብር ብሎ የራሱን መሬት ለሰው ይሰጣል እንዴ?» አልሁ። ዳኛዋ በዓይኗ አስቀመጠችኝ።

ይኼኔ ነው ጠበቃው እንደዚያ ረጋ ብሎ የተነሣው። እስከዚያ ድረስ ሲቃወም ነበር የማውቀው፤ አሁን የመስማማት ድምፅ አወጣ። «የተከበረው ፍርድ ቤት የተከራካሪ ቃል በራሱ ላይ ማስረጃ ይሆናል ብሎ ወስኗል፤ እኛም እንቀበላለን» አለ። «እንግዲያው ከሳሽም ተከራካሪ ናቸው። ከሳሽ በዚያ ግቢ ሲያልፉ ዕለት ዕለት ምን ይሉ እንደነበር ይጠየቁልን። የደንበኛዬ ምስክሮችም ያስረዳሉ፤ ከራሳቸው ብንሰማው ግን ይሻላል።»

ዳኛዋ ከምሳ በኋላ እናቴን እንደምትሰማ ነግራን ተነሣች።  እናቴ ስታልፍ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ እኔም በልጅነቴ ከኋላዋ ቆሜ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ግቢያቸው ጋ ስትደርስ ትቆማለች። «ቤቶች፣ እንዴት አደራችሁ» ትላለች። ከዚያ «ልለፍ?» ትላለች። ከውስጥ «ይለፉ» ይባላል፤ ታልፋለች። ውስጥ ማንም ባይኖር እንኳ ትላለች። ጧት ስትወጣ፣ ማታ ስትገባ። ሁላችንም እንዲሁ ነን፤ በቢቸና ዝም ብሎ በሰው ደጅ የሚያልፍ ከብት ብቻ ነው።

ለመብቱ የሚያልፍ ሰው አይጠይቅም፤ የሚጠይቅ ሰው በፈቃድ ነው የሚያልፈው። ፈቃድ የሰጠ ደግሞ ይነሣል። ጠበቃው ሊል የፈለገው ይህን ነበር። ሞጣ ስንት ክስ ስጽፍ «በፈቃድ» እና «በመብት» የሚሉትን ቃላት እንደ ጨው ስበትናቸው ኖሬ የእናቴን «ልለፍ» አላሰብሁትም። አላሰብሁትም ምክንያቱም እሱ ጥያቄ አይደለም። ማንም ጥያቄ ነው ብሎ አያውቅም።

ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ገባን። ረቡዕ ስለነበር ሽሮ አዘዝን። እናቴ ቀስ ብላ ትጎርሳለች።

«እማዬ» አልኋት፣ «ስታልፊ ልለፍ ብለሽ ትጠይቂ ነበር ወይ ይሉሻል።»

«እጠይቅ ነበር እንጂ።»

«እንዲያ አትበያቸው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ሰላምታ ነበር በይ። እንዴት አደራችሁ እንደማለት።»

አሰበች። እናቴ አንድን ነገር ስታስብ በእውነት ታስበዋለች። «ሰላምታማ ለብቻው ነው» አለች። «መጀመሪያ እንዴት አደራችሁ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ልለፍ የምለው።»

«አውቃለሁ። እማዬ፣ አውቃለሁ። ግን እንዲህ ካልሽ ትሸነፊያለሽ። ቤትሽን ታጫለሽ። በፈቃድ ነው ያለፈችው ይላሉ። እንግዲያው አልጠይቅም ነበር በይ።»

እጇን ከትሪው ላይ አነሣች። «በመሐላ?» አለችኝ።

ትሪውን ወደ እሷ ገፋሁላት።

«ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ግቢ እንደ ውሻ ስገባ ስወጣ ኖርሁ ብለሽ መስክሪ ነው የምትይኝ? እሱን ልጅ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ? እሱ ራሱ ምን ይለኛል? ባለጌ ነበርሁ ብለሽ ማይ ነው የምትይኝ?»

በዚያች ሰዓት እናቴን እስከዛሬ ተቆጥቻት በማላውቀው ዓይነት ተቆጣሁ። ሰው ስላለ ድምፄን አልጨመርሁም፤ ግን የምለውን ሁሉ አልሁ። ጉልበትሽ አልሁ፣ ገደሉ አልሁ፣ አንቺ በምግባር ስትጨነቂ እሱ ቆርቆሮ ሲመታ ማን ጠየቀው አልሁ። ሽሮዋን ጨርሳ እጇን ታጠበችና ነጠላዋን አስተካከለች። «እንሂድ፤ ይጠብቁናል» አለች።

ችሎት ውስጥ እንድትቀመጥ ወንበር ተሰጣት። ዳኛዋ ጥያቄውን በቀላል ቃል ጠየቀቻት። «እናቴ፣ በዚያ መንገድ ሲያልፉ ይጠይቁ ነበር?»

«እንዴታ ልጄ» አለች እናቴ። «የሰው ግቢ ነው። ሳልጠይቅ አልፋለሁ?»

ጠበቃው ምንም ሳይጨምር ተቀመጠ። መጨመር አላስፈለገውም፤ አንዲት ጥያቄ ተጠይቃ እናቴ መንገዱንም ግቢውንም አስረክባዋለች። እኔ ጣቶቼን ነው የማየው። ጸሐፊዋ ስትጽፍ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማኛል፤ ያን ድምፅ በሥራዬ ቀን ሙሉ ነው የምሰማው፣ እንዲያ ያስጠላኝ ጊዜ ግን የለም።

ዳኛዋ ግን ደግ ናት፤ ወይም ሥራዋን ታውቃለች። አንድ ጥያቄ ጨመረች። «ይለፉ ባይሉዎት ኖሮስ? አይለፉ ቢሉዎት ያልፉ ነበር ወይስ ይመለሱ ነበር?»

ይህን ጥያቄ በትክክል ብትመልሰው እንተርፍ ነበር። ከወንበሬ ልነሣ ምንም አልቀረኝ። እናቴ ግን ጥያቄው ጨርሶ አልገባትም። «ለምን አይሉኝም?» አለች። ዳኛዋ ደገመችላት። እናቴ ወደ ልጁ ዞራ አየችው፤ እሱም እንዲያግዛት የፈለገች ትመስላለች። «እንዲያ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም» አለች በመጨረሻ። «ሆኖ የማያውቅ ነገር እንዴት ልንገርሽ?»

እኔ ተነሣሁ። ይህ ባህል ነው አልሁ፤ እሱ በተዝካሩ ለክብር አልሁት ካለ፣ እሷም የምትለው ለክብር ነው፤ የእሱን ክብር ቃል አይደለም ካላችሁ የእሷንም አትቁጠሩት፤ የእሷን ከቆጠራችሁ የእሱንም ቁጠሩት አልሁ። በሕይወቴ እንዲያ አሳምሬ የተናገርሁ አይመስለኝም። ጠበቃው «ወኪሏ ምስክር አይደለችም» አለ። ዳኛዋም «ክርክርሽን መዝግበናል፤ ማስረጃ ግን አይደለም» አለችኝ።

ፍርዱ የተነበበው መስከረም ጠብቶ ነው። ዳኛዋ ሁለቱንም ቃል መቀበሏን ተናገረች፤ የእሱንም የእሷንም። ግን መቀበል ሌላ ነው፣ ማመን ሌላ ነው አለች፤ የተቀበልሁትን ቃል መመዘን አለብኝ አለች። የእሱ አንድ ጊዜ፣ በሐዘን ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት የተነገረ ነው። የእሷ ግን ዕለት ዕለት ሲነገር የኖረ፣ ችሎት ፊትም በመሐላ የተደገመ ነው። ስለዚህ ከሳሽ በመንገዱ ስታልፍ የነበረው በፈቃድ ነው፤ ተከሳሽ ፈቃዱን ማንሣት ይችላል፤ ከሳሽም ቢያስቸግርም ሌላ መውጫ አላት። ሌላ መውጫ ያለችው ገደሉን ነው። የተናገረችው ሁሉ ልክ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ስሕተት ባገኝባት ይግባኝ እጽፍ ነበር፤ ሌሊት ከቀን እጽፍ ነበር።

ከክፍሉ ስንወጣ እናቴ «ምን አለች?» አለችኝ።

«ተረታን።»

«ለምን?»

«ስትጠይቂ ስለኖርሽ።»

ትንሽ ሄደች። «አልገባኝም» አለች። እኔም እንደገና አላስረዳኋትም። ብናገር መጮህ እንደምጀምር አውቄ ነው።

የፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ልጁ ደረሰብን። ጠበቃው አብሮት አልነበረም። ባርኔጣውን አውልቆ ይዞታል። ለእኔ ሰላምታ አልሰጠኝም፣ እኔም አልፈለግሁትም። «እማማ» አላት፣ «ፍርዱ ፍርድ ነው፤ እኔ ግን ጨክኜብዎት አይደለም። መጋዘኑ እስኪሠራ ድረስ አጥሩን ትንሽ ከፍቼ እተውልዎታለሁ። ከጠየቁኝ ይለፉ።»

አፌን ልከፍት ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ድምፅዋ ላይ ምንም ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የገረመኝ።

«አይ ልጄ» አለችው። «ስጠይቅህ የኖርሁት እኮ እምቢ እንደማትለኝ ስለማውቅ ነው። አባትህም እምቢ አይሉኝም ነበር። አሁን ግን እምቢ ማለት እንደምትችል ተነግሮሃል። እምቢ ሊለኝ የሚችል ሰው ደጅ ቆሜ ልለፍ አልልም።»

ራሴን በሁለት እጄ ያዝሁ። ዳኛዋ የጠየቀቻት ይህን ነበር። ይህንኑ። ችሎት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ያጣችውን መልስ ከበሩ ውጭ፣ ምንም ለማይጽፍ ሰው ነገረችው። ደግሞ በውስጥ ብትናገረውስ? ለራሷ የሚጠቅም የራሷ ቃል፤ ማን ይመዝንላታል?

ልጁ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆየ። ከዚያ ቀና ሳይል «አውቃለሁ፣ እማማ» አለ። «መንገዱ የእርስዎም እንደነበር አውቃለሁ። አባቴም ነግሮኛል።»

ሰማሁት። በገዛ ጆሮዬ፣ ከተከሳሹ ከራሱ አፍ፤ የስሚ ስሚ የለበት፣ ሚስት የለችበት፣ ዳስ የለበት፣ ለክብር የሚያሰኝ እንግዳ የለበት። ዞሬ ወደ ችሎቱ መንገድ ጀመርሁ። ዳኛዋን ምን እንደምላት እንኳ አላውቅም፤ ይግባኝ፣ አዲስ ማስረጃ፣ መዝገቡ ይከፈት፣ የሆነ ነገር። እናቴ ክንዴን አልለቀቀችም።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ያለውን ላስመዘግብ። አልሰማሽውም? አመነ እኮ።»

«ለዳኛ አይደለም የነገረው» አለች። «ለእኔ ነው የነገረኝ።»

«እማዬ፣ ቤትሽ ነው። የምናወራው ስለ ቤትሽ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «እንግዲህ አንድ ልጅ እውነቱን ሲነግረኝ አፉን ይዤ ልጎትተው?» ወደ እሱ ዞረችና «ሂድ ልጄ፣ ሥራህን አትፍታ» አለችው። እሱም ሄደ። አለቀሰ የሚል ሰው አለ፤ እኔ ጀርባውን ነው ያየሁት።

ከዚያ በኋላ ስለ ይግባኝ ባነሣሁባት ቁጥር ወሬ ትለውጣለች። ውክልናው የሷ ነው፤ ካልፈቀደች ምንም ማድረግ አልችልም። ገደሉ ጉልበቷን ስላሸነፈው አሁን ከእኔ ጋር ሞጣ ናት። ጉልበቷ ተሽሏታል ይላሉ፤ እሷ ግን ቢቸናን ስታነሣ «ቤቴ» ትላለች እንጂ «የድሮው ቤቴ» ብላ አታውቅም፤ እኔም በሰማሁት ቁጥር እንደ አዲስ እናደዳለሁ።

ዕቃዋን ባወጣንበት ቀን ልጁ ከቆርቆሮው ሁለቱን ነቅሎ፣ ምስማሩን በእጁ ይዞ አጥሩ ሥር ቆሞ ጠበቀን።  እናቴ አይታው ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣችውና ዞራ በገደሉ በኩል ወረደች። እኔም አልጋዋን በጀርባዬ ተሸክሜ እየተንሸራተትሁ ተከተልኋት፤ እስከ ጅረቱ ድረስ እየተሳደብሁ።